ቢጫው፣ ቀዩ ወይስ ግማሽ ሰማያዊው? ስለ ቬትናም ባንዲራዎች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦

«የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ፎልስ ቸርች ወደሚገኘው ኤደን ሴንተር፣ ማለትም የቬትናሞቹ የገበያ ማዕከል፣ አዘውትሬ ፎ (የኑድል ሾርባቸውን) ልበላ እሄዳለሁ። እዚያ ከአሜሪካ ባንዲራ ጎን የሚውለበለበው ቢጫ ነው፤ መሃሉ ላይ ሦስት ቀጫጭን ቀይ መስመሮች አሉት። ልጄ ደግሞ ‹የቬትናም ባንዲራ እኮ ቀይ ነው፣ ቢጫ ኮከብ አለው› ትለኛለች። ጓደኛዋ ከሃኖይ ያመጣችላት ቲሸርት ላይ ያለውም እሱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ ሌላ ዓይነት አየሁ። ላዩ ቀይ፣ ታቹ ሰማያዊ፣ መሃሉ ላይ ቢጫ ኮከብ። ሻጩ ‹ከቬትኮንግ የተማረከ ነው› ብሎ 350 ዶላር ጠራብኝ። የቱ ነው ትክክለኛው? ያኛውንስ ልግዛው?»

መጀመሪያ ስለ ገንዘብዎ ልናገር። አይግዙ፤ ቢያንስ ለጊዜው። ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ። የትኛው ነው ትክክለኛው ላሉት ግን መልሴ «ሦስቱም» ነው። ሦስቱም በየተራቸው መንግሥት ነኝ ባለ አካል ሕንፃ ላይ ተሰቅለዋል። ሦስቱንም ይዞ የሞተ ወታደር አለ። እኔ ሥራዬ የቆዩ ወታደራዊ ባንዲራዎችንና ምልክቶችን መለየት ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ «የቬትናም ባንዲራ የትኛው ነው?» ተብሎ አይጠየቅም። «በየትኛው ዓመት? በማን እጅ?» ነው የሚባለው። እዚያ አገር ባንዲራ መጀመሪያ የተዋጊ ዕቃ ነው፤ የአገር የሚሆነው ያ ተዋጊ ሲያሸንፍ ነው። (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከሸምበቆ ነው። በ10ኛው መቶ ዘመን ዲን ቦ ሊን የሚባል ልጅ ነበር። ጎሽ ጠባቂ ነው። ከእረኛ ጓደኞቹ ጋር ጦርነት ጦርነት ሲጫወት ልጆቹ እጃቸውን አቆላልፈው እንደ ንጉሥ ይሸከሙታል፤ ግራና ቀኝ ደግሞ አበባ ያወጣ ሸምበቆ እንደ ባንዲራ ይዘው ያጅቡታል። ይህ ልጅ አድጎ እርስ በርስ ሲፋጁ የነበሩትን አሥራ ሁለት የጦር አበጋዞች አንበርክኮ በ968 ንጉሠ ነገሥት ሆነ። ዋና ከተማው ሆዋ ሉ ነበረች። ዛሬም እዚያ በየዓመቱ በሚከበረው በዓል ላይ ሕፃናት ሸምበቆ ይዘው ያንን ጨዋታ ይጫወቱታል። ጨርቅ የሌለው ባንዲራ ማለት ነው።

ሁለተኛውን ታሪክ እያንዳንዱ የቬትናም ተማሪ ያውቀዋል። በ1282 ሞንጎሎቹ ሊወርሩ ሲዘጋጁ ንጉሡ መሳፍንቱን ቢን ታን በሚባል ቦታ ለምክክር ጠራ። ቻን ኩዎክ ቶዋን የተባለው መስፍን ገና አሥራዎቹ ውስጥ ስለነበር «ልጅ ነህ» ተብሎ ከስብሰባው ቀረ። ንጉሡ ማባበያ እንዲሆነው ብርቱካን ሰጠው። ልጁ በንዴት እጁ ውስጥ ያለውን ብርቱካን እስኪፈርጥ ጨመቀው፤ ሲወጣ እጁ ላይ የቀረው ልጣጩ ብቻ ነበር ይላል ዜና መዋዕሉ። ከዚያ ቤቱ ሄዶ ከሺህ በላይ አሽከሮቹንና ዘመዶቹን አሰባሰበ። መሣሪያ አሠራ። ባንዲራ ላይም ስድስት ቃል አስጻፈ፦ «ብርቱውን ጠላት ስበር፣ የንጉሡን ውለታ መልስ።» በጦሩ ሜዳ ከሁሉ ፊት ይዘምት ነበር።

ይህን ያነሳሁት ለተረትነቱ አይደለም። ባንዲራ ላይ ቃል የመጻፍን ልማድ ያስታውሱት፤ ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

የድሮው ጦር የሚይዛቸው ብዙዎቹ ባንዲራዎች «የአገር» አልነበሩም። ሦስት ማዕዘን ሆነው ጠርዛቸው የተሰነጣጠቀ የአዛዥ ባንዲራዎች ነበሩ። አራት ማዕዘን ሆነው በአምስት ቀለም አንዱ በሌላው ውስጥ የተሰፉም አሉ። አምስቱ ቀለማት የብረት፣ የእንጨት፣ የውሃ፣ የእሳትና የአፈር ናቸው። ይኸኛው ዛሬ ፖለቲካ የለበትም። በዓል ሲመጣ በየቤተ መቅደሱ ደጅ ይሰቀላል። ቬትናም ሄደው ባለ ብዙ ቀለም፣ ጠርዙ እንደ እሳት ነበልባል የሆነ ባንዲራ ካዩ እሱ ነው፤ ሰው በላዩ አይጣላም።

ቢጫ የንጉሥ ቀለም ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተነሱት የታይ ሶን አመፀኞች ደግሞ በቀይ ባንዲራቸው ይታወቃሉ። የኋለኛው ዘመን ፀብ ቀለሞቹን ያገኘው ከዚህ ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ወደ ኤደን ሴንተሩ ቢጫ እንምጣ። የመጨረሻዎቹ ነገሥታት፣ የንጉየን ሥርወ መንግሥት ሰዎች፣ በፈረንሳይ ሞግዚትነት ሥር ሆነው የያዙት ባንዲራ ቢጫ መደብ ላይ አንድ ወፍራም ቀይ መስመር ያለው ነበር። መጋቢት 1945 ጃፓን ፈረንሳዮቹን ገልብጣ «ነፃ ናችሁ» አለቻቸው። በቻን ቾንግ ኪም የሚመራው አጭር ዕድሜ ያለው መንግሥት ያንን መስመር ቀየረው። በምትኩ ከጥንቶቹ የምሥራቅ እስያ የሦስት መስመር ምልክቶች አንዱን አስገባ። የላይና የታች መስመሩ ሙሉ፣ የመሃሉ የተቆረጠ ነው። እሳትን ይወክላል፣ አቅጣጫው ደቡብ ነው። ዕድሜው ወራት ብቻ ሆነ። ነሐሴ 30 ቀን 1945 ንጉሠ ነገሥት ባኦ ዳይ ሁዌ ከተማ በቤተ መንግሥቱ በር ላይ ቆሞ ሥልጣኑን ለቀቀ። ማኅተሙንና ሰይፉን አስረከበ። ቢጫው ወረደ፣ ቀዩ ወጣ።

ቢጫው ግን አልሞተም። በ1948 ፈረንሳይ ከኮሙኒስቶቹ መሪ ከሆ ቺ ሚን ጋር እየተዋጋች ሳለ በጄኔራል ንጉየን ቫን ሱዋን የሚመራ ጊዜያዊ መንግሥት ተቋቋመ። ያ መንግሥት ነው ሰኔ 2 ቀን 1948 ባለ ሦስት መስመሩን ባንዲራ ያጸደቀው። ንድፉ ለሠዓሊው ለሌ ቫን ዴ ይሰጣል። ሦስቱ መስመሮች ሰሜን፣ መሃልና ደቡብ ናቸው ይባላል፤ ፈረንሳይ አገሪቱን ለሦስት ከፍላ ትገዛ ስለነበር «ሦስታችንም አንድ ነን» ማለት ነው። ሌላ ንባብም አለው። ያ የተቆረጠው የመሃል መስመር ሲገጠም ምልክቱ «ሰማይ» ይሆናል። ባንዲራው «የቬትናም መንግሥት» ለተባለው አገዛዝ፣ ከ1955 በኋላም ለደቡብ ቬትናም ሪፐብሊክ እስከ ሚያዝያ 30 ቀን 1975 አገልግሏል። የሰሜኖቹ፣ ማለትም የኮሙኒስቶቹ፣ ደጋፊዎች «ሦስቱ እንጨት» እያሉ ያላግጡበታል፤ በቋንቋቸው «ሦስት እንጨት» የአጭበርባሪ ስድብ ነው። ቢጫዎቹም አይተኙም። ቀዩን «የደም ባንዲራ» ይሉታል።

ቀዩ የተወለደው በአመፅ ነው፣ ያውም በከሸፈ አመፅ። ኅዳር 23 ቀን 1940 በደቡብ ቬትናም በፈረንሳዮች ላይ ገበሬዎች ተነሱ። መጀመሪያ የታየው ያኔ ነው። አመፁ በደም ተደፈቀ። ንድፉን ያወጣው ንጉየን ሁ ቲየን የተባለ ኮሙኒስት ነው እየተባለ ለዓመታት ሲነገር ኖሯል፤ ሰውየውን ፈረንሳዮቹ በ1941 ረሽነውታል። ኋላ ላይ ግን «ንድፉን ያወጣው ሌ ኳንግ ሶ የሚባል የሚ ቶ አካባቢ ሰው ነው» የሚል ክርክር ተነሳ። ክርክሩ አገር ውስጥም አልተቋጨም። የኮከቡ አምስት ጫፍ ሠራተኛ፣ ገበሬ፣ ወታደር፣ ምሁርና ወጣት ነው ይባላል። አንዳንዱ በወጣቱ ቦታ ነጋዴውን ያስገባል።

ታኅሣሥ 22 ቀን 1944 ሰሜን ጫፍ ላይ፣ ካኦ ባንግ ጫካ ውስጥ፣ 34 ሰዎች ይህንን ባንዲራ ይዘው ተሰለፉ። መሪያቸው የታሪክ መምህር የነበረው ቮ ንጉየን ዢያፕ ነው። የዛሬው የቬትናም ሕዝባዊ ሠራዊት ልደቱን የሚያከብረው በዚያች ቀን ነው። ነፃነት መስከረም 2 ቀን 1945 ሃኖይ ላይ ታወጀ። በሦስተኛው ቀን ባንዲራው በአዋጅ የአገር ሆነ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ። መጀመሪያ አመፀኛው ያዘው፣ ቀጥሎ ሠራዊቱ፣ ከዚያ መንግሥቱ።

ለዚህ ነው የሠራዊቱና የአገሪቱ ባንዲራ ሊለይ የማይችለው። ሠራዊቱ ያው ቀይና ኮከብ ነው የሚይዘው፤ ልዩነቱ ከላይ በግራ በኩል በቢጫ የተጻፉ ሁለት ቃላት ናቸው። «ኲየት ታንግ» ይላል፤ «ማሸነፍ አይቀርም» ብለን ብንፈታው አይርቅም። የቻን ኩዎክ ቶዋን ስድስት ቃል ወደ ሁለት ወርዶ ተመለሰ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለአሮጌ ዕቃ ገዢ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጣል። የ1945ቱ ኮከብ የዛሬው አይደለም። ያኔ ጎኖቹ ወደ ውጭ ጎበጥ ያሉ፣ ወፈር ያለ ኮከብ ነበር። በኅዳር 1955 ነው ቀጥ ባሉ መስመሮች የተስተካከለው። አንድ ሰው «ከዲየን ቢየን ፉ ነው» ብሎ፣ ማለትም ፈረንሳዮቹ በ1954 ከተሸነፉበት የጦር ሜዳ፣ ስል ኮከብ ያለው ባንዲራ ካሳየዎት ጥያቄ ማብዛት አለብዎት።

ዲየን ቢየን ፉን ካነሳን፣ ያንን ፎቶ ሳያዩት አይቀሩም። አንድ ወታደር ከፈረንሳዩ አዛዥ ከደ ካስትሪ ምሽግ ጣሪያ ላይ ቆሞ ትልቅ ባንዲራ ሲያውለበልብ። ባንዲራው ላይ «ለመዋጋት ቆርጠናል፣ ለማሸነፍ ቆርጠናል» ተጽፏል፤ ሆ ቺ ሚን ጎበዝ ለሆነ ክፍል የሚዘዋወር ሽልማት አድርጎ የሰጠው ነው። ምሽጉ የወደቀው ግንቦት 7 ቀን 1954 ነው። ያ ዓለም የሚያውቀው ትዕይንት ግን በዚያች ሰዓት የተቀረጸ አይደለም። የሶቪየቱ ፊልም ሠሪ ሮማን ካርመን የደረሰው ውጊያው ካለቀ በኋላ ነው፤ ወታደሮቹ ለካሜራው ደግመው ወጡ። ይህ ድሉን ሐሰት አያደርገውም። እኔ ግን ምስል ብቻ አይቼ ስለ ጨርቅ አልፈርድም።

አሁን ወደምወደው ታሪክ ልግባ። ከሁሉም ባንዲራ ይልቅ ለእኔ ነገሩን የሚያሳየው አንድ ድልድይ ነው።

በ1954ቱ የጄኔቫ ስምምነት አገሪቱ በ17ኛው ትይዩ አካባቢ ለሁለት ተከፈለች። ድንበሩ ቤን ሃይ የሚባል ወንዝ ነው። በላዩ የሂየን ሉዎንግ ድልድይ አለ። ርዝመቱ 178 ሜትር ነው፤ መሃሉ ላይ ነጭ መስመር ተሰመረ፣ ለየወገኑ 89 ሜትር ደረሰው። የወለሉ ሳንቃ ሳይቀር ተቆጥሯል። 450ው የሰሜን፣ 444ቱ የደቡብ። በሁለቱም ዳር የፖሊስ ጣቢያ አለ፣ በየጣቢያው ባንዲራ አለ። መተኮስ ክልክል ነው። ታዲያ ወንዶች መተኮስ ሲከለከሉ ምን ያደርጋሉ? ሰሜኖቹ 12 ሜትር እንጨት ላይ ሰቀሉ። ደቡቦቹ ያንን አይተው ከፍ ያለ ተከሉ። ሰሜኖቹ ጨመሩ። ደቡቦቹ የ30 ሜትር ሲሚንቶ ምሰሶ አቆሙ። በ1957 ሰሜኖቹ 34.5 ሜትር ብረት አቆሙ። ደቡቦቹ ምሰሷቸውን 35 ሜትር አደረሱ። ግማሽ ሜትር እኮ ነው! በ1962 ሰሜኖቹ 38.6 ሜትር ላይ ደረሱና ነገሩ እዚያ ቆመ። የሚሰቅሉት ጨርቅ 134 ካሬ ሜትር ሲሆን 15 ኪሎ ይመዝናል። የአንድ ኮንዶሚኒየም ሦስት ክፍል ቤት ወለል በሉት፣ ከዚያም ይበልጣል። ይህን አየር ላይ አስቡት፤ ንፋስ ሲመታው ድምፁ ብቻውን ሰው ያስደነግጣል።

ንፋስና ቦምብ ሲቀዳድደው ደግሞ የሚሰፋ ሰው ያስፈልጋል። በሰሜኑ ዳር የምትኖር አንዲት የመንደር እናት ሌሊት በመብራት እየጠገነች ታድር እንደነበር ይነገርላታል። ከ1956 እስከ 1967 ባለው ጊዜ 267 ባንዲራ ተሰቅሏል ይላሉ። ቀለሙም ጦርነት ነበረበት። ደቡቦቹ የድልድዩን ግማሽ አንድ ቀለም ሲቀቡ ሰሜኖቹ የራሳቸውን ግማሽ አስመስለው ይቀባሉ፤ «አገሩ አንድ ነው» ለማለት። ደቡቦቹ ሌላ ቀለም ያመጣሉ። እነዚያ ይከተላሉ። የድምፅ ማጉያውን ፀብ ተዉት። በ1967 ምሰሶውም ድልድዩም በቦምብ ወደቁ። ድልድዩ ዛሬ ታድሶ ቆሟል፤ ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ቢጫ ነው። ይህን ታሪክ የምንሰማው በአሸናፊው አፍ መሆኑን አይርሱ። የደቡቡ ልብስ ሰፊ ማን እንደነበር የሚያወራ ሙዚየም እዚያ የለም።

እንግዲህ ሦስተኛው፣ ገበያ ላይ ያዩት። ታኅሣሥ 20 ቀን 1960 በደቡብ ቬትናም የነፃ አውጪ ብሔራዊ ግንባር ተመሠረተ፤ አሜሪካኖቹ «ቬትኮንግ» የሚሉት ነው። ባንዲራው የሰሜኑ ባንዲራ ሆኖ የታችኛው ግማሹ ሰማያዊ ነው። ብዙዎች ቀዩን ለሰሜን፣ ሰማያዊውን ገና ነፃ ላልወጣው ደቡብ ይሰጡታል። በ1969 ጊዜያዊ አብዮታዊ መንግሥት ሲቋቋም የመንግሥት ባንዲራ ሆነ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ፣ የፓሪሱ የሰላም ድርድር ሊሰፋ ሲል፣ ሦስት የስዊዘርላንድ ወጣቶች በሌሊት የኖትርዳም ካቴድራልን ጫፍ ወጥተው ይህንኑ ባንዲራ ሰቀሉት። ከተማው ሲነቃ ሰማይ ላይ የቬትኮንግ ባንዲራ። የእሳት አደጋ ሰዎች በሄሊኮፕተር መጥተው ነው ያወረዱት። ሰዎቹ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ማንነታቸውን ደብቀው ኖሩ።

የደቡቡ ዋና ከተማ ሳይጎን ስትወድቅም የተሰቀለው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ቀዩ ይመስለዋል። ሚያዝያ 30 ቀን 1975 ረፋዱ ላይ 843 ቁጥር ታንክ የነፃነት ቤተ መንግሥትን የጎን በር ገጭቶ ተቀረቀረ። ዋናውን በር ጥሶ የገባው ተከታዩ 390 ነው። ለሃያ ዓመት ያህል ክብሩ በሙሉ የ843 ነበር። ፍራንሷዝ ደሙልዴር የተባለች ፈረንሳዊት ጋዜጠኛ ያነሳችው ፎቶ በ1995 ወደ ቬትናም ሲመጣ ነው ነገሩ የተስተካከለው። የ843 አዛዥ ቡይ ኳንግ ታን ግን ከታንኩ ወርዶ አንቴናው ላይ የነበረውን ባንዲራ ነቅሎ ወደ ጣሪያው ሮጠ። ቢጫውን አወረደ። ግማሽ ቀይ ግማሽ ሰማያዊውን ሰቀለ። ሰዓቱ 5 ሰዓት ተኩል ነበር፣ በእኛ አቆጣጠር። ያ ባንዲራ ከዚያ በኋላ የኖረው ትንሽ ነው። ሐምሌ 2 ቀን 1976 ሰሜንና ደቡብ ሲዋሃዱ ቀዩ የሁሉም ሆነ፣ ሰማያዊው ግማሽ ወደ ሙዚየም ገባ።

ስለ አርማዎቹ ብዙ አልልም፤ ከባንዲራው ጋር ሲወዳደሩ ደረቅ ናቸው። የሰሜኑ አርማ በ1955 ነው የጸደቀው። ቀይ ክብ፣ የወርቅ ኮከብ፣ ግራና ቀኝ የሩዝ ዛላ፣ ከታች ጥርስ ያለው የፋብሪካ ጎማ። የምሥራቁ ጎራ አርማዎች ሁሉ ወንድም ነው። የደርግን ዘመን ያየ ሰው ቤተሰቡን በአንድ ዓይን ይለየዋል። ንድፎቹን የሣለው ቡይ ቻንግ ቹዎክ ነው፤ ገንዘብም ይነድፍ ነበር። ሥራው ምስጢር ስለነበር ምስጋናው ለዓመታት ሥራውን ላጠናቀቀው ለሠዓሊ ቻን ቫን ካን ሲሰጥ ቆየ። በ1976 ከታች ያለው የአገሩ ስም ብቻ ተቀየረ። የሠራዊቱ የደንብ ልብስ ምልክትም የዚሁ ልጅ ነው። እግረኛው ቀይ መደብ፣ አየር ኃይሉ ሰማያዊ፣ ድንበር ጠባቂው አረንጓዴ ይይዛል።

የደቡቡ ጦር ምልክቶች ለዓይን ይበልጣሉ ብል ወገንተኛ አትበሉኝ። መኮንኖቹ ማዕረጋቸውን የሚለዩት በፕለም አበባ ነበር። ከመቶ አለቃ እስከ ሻምበል የወርቅ አበባ፣ ከሻለቃ እስከ ኮሎኔል የብር አበባ፤ ኮከብ ለጄኔራሎች ብቻ። የሬንጀር ጦሩ የጥቁር ነብር ራስ ነበረው። አውሮፕላኖቹ ደግሞ የአሜሪካኑን ኮከብ ክንፍ በቢጫና ቀይ ቀብተው ነበር የሚበሩት። ባንዲራውን የሚጠሉ ሰዎች ይህንን ለምን እንደሚያነሱ ይገባዎታል።

አሁን የ350 ዶላሩ ጨርቅ። በጦርነቱ ጊዜ የአሜሪካ ወታደር ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ነገር ይፈልግ ነበር። ፍላጎት ካለ ሰፊ አለ። ሳይጎንና ሌሎች ከተሞች ውስጥ ልብስ ሰፊዎች «የተማረከ» ባንዲራ በብዛት ይሰፉ ነበር። የዶሮ ደም የተቀባ እንደነበረም የዘመኑ ወታደሮች ራሳቸው እየሳቁ ያወራሉ። ስለዚህ እውነተኛ የ1960ዎቹ ጨርቅ ሆኖም የቬትኮንግ እጅ ያልነካው ባንዲራ ብዙ አለ። ዛሬም ሆ ቺ ሚን ከተማ (የያኔዋ ሳይጎን) ውስጥ ዳን ሲን ገበያ ቢሄዱ «የጦርነት ቅርስ» እንደ ሽንኩርት ተከምሮ ያገኙታል።

ተመልሰው ከሄዱ እንዲህ ያድርጉ። ኮከቡን ይገልብጡት። ታትሞ ከሆነ ይተዉት። ከተሰፋ፣ ከጀርባ በኩልስ ኮከብ አለ? ቀዩና ሰማያዊው ሁለት የተለያየ ጨርቅ ሆነው መሃል ላይ መጋጠም አለባቸው፤ ስፌቱን በጣትዎ ይዳብሱት፣ ጉብ ይላል። ጫካ ውስጥ የሚሰፋ ባንዲራ የተገኘውን ጨርቅ ነው የሚጠቀመው፤ ስለዚህ ኮከቡ ትንሽ ቢያዘም፣ ክሩ ቀለሙ ባይገጥም ጥሩ ምልክት ነው። ገመድ የሚገባበት የነሐስ ቀለበት ካለው ተጠራጠሩ። ብዙውን ጊዜ እንጨት የሚገባበት የተሰፋ እጀታ ወይም ማሰሪያ ጨርቅ ነው ያላቸው። ቀለሙ የት ነው የደበዘዘው? ፀሐይ ያገኘው ባንዲራ ሁሉም ቦታው እኩል አይደበዝዝም፤ እጥፋቱ ውስጥ ገና ደማቅ ነው። በሻይ የተነከረ ግን ስፌቱ ውስጥ ሳይቀር ቡኒ ነው። «ደም ነው» የሚባለው ነጠብጣብ ቀላ ካለ ይሳቁና ይውጡ፤ የሃምሳ ዓመት ደም ቡኒ ነው የሚሆነው።

አንዳንዱ በሐምራዊ መብራት ያየዋል። ክሩ ቦግ ብሎ ካበራ ዘመናዊ ነው ይላል። እኔም እጠቀምበታለሁ፣ ግን ብቻውን አላምነውም፤ አንዴ በዘመናዊ ሳሙና የታጠበ አሮጌ ጨርቅም ያበራል። ከስፌቱ በላይ የሚያስከፍለው ወረቀት ነው። ያመጣው ወታደር ማን ነው? የትኛው ክፍል? ያኔ ለቤተሰቡ የጻፈው ደብዳቤ፣ አብሮት የተነሳ ፎቶ አለ? ይህ ካለ 350 ርካሽ ነው። ወረቀት ከሌለ ለጌጥ 40 ዶላር ከፍለው ቢሰቅሉት አይቆጨኝም።

ግን የት ነው የሚሰቅሉት? ይህን ሳልል አላልፍም። ኤደን ሴንተር የሚበሉበትን ፎ የሚሠሩት ሰዎች አብዛኞቹ ወይ ራሳቸው፣ ወይ ወላጆቻቸው፣ ቢጫው ሲወርድ አገር ጥለው የወጡ ናቸው። ለእነሱ ቢጫው የአንድ መንግሥት ባንዲራ መሆኑ ቀርቷል፤ የቀረላቸው አገር እሱ ነው። በ1999 ካሊፎርኒያ ዌስትሚንስተር ውስጥ አንድ የቪዲዮ ሱቅ የሆ ቺ ሚንን ፎቶና ቀዩን ባንዲራ ቢሰቅል በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከሃምሳ ቀን በላይ ደጁ ላይ ቆሞ ተቃወመ። በ2003 ደግሞ የከተማው ምክር ቤት ቢጫውን የማኅበረሰቡ ባንዲራ አድርጎ ተቀበለው። ሌሎች ብዙ ከተሞችም ተከተሉ። ሃኖይ ደስ አላላትም። ልሙጡን፣ ባለ አንበሳውንና ባለ ኮከቡን ይዘን አንድ ሰልፍ ላይ ስንገላመጥ የኖርን ሰዎች ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

ለልጅዎ «ትክክል ነሽ» ይበሏት፤ የተባበሩት መንግሥታት ደጅ ላይ የሚሰቀለው የእሷ ቀዩ ነው። ያንን ቲሸርት ግን ቅዳሜ ፎ ልትበሉ ስትሄዱ ቤት ትተወው። ገበያውን ጨርቅ ካዩት ደግሞ ፎቶ ይላኩልኝ፤ የፊቱን ሳይሆን የኮከቡን ጀርባና የመሃሉን ስፌት፣ በቀን ብርሃን፣ ቀረብ ብለው።